እጄን ያላነሳሁበት ረቡዕ

ቅዳሜ፣ ሰኔ 30 ቀን 1976

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የመጨረሻውን የውጤት ወረቀት አስረክቤ ስወጣ ዘበኛው፣ «መምህር፣ ለመስከረም በሰላም ያገናኘን» አለኝ። እስከ መስከረም ድረስ ስገባ ብድግ የሚል ሰው የለም ማለት ነው።

ባለፈው ክረምት ብቻዬን ጮክ ብዬ እንደማወራ የነገረችኝ ጎረቤቴ ሙኒያ ናት። በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣ «ጋሽ ስለሺ፣ እንግዳ አለዎት እንዴ?» አለችኝ። እንግዳ አልነበረኝም። ሬዲዮው ስለተናገረው የተሳሳተ አኃዝ ከሬዲዮው ጋር እየተከራከርኩ ነበር። ዘንድሮ እንዲህ ያለ ነገር እንዳይደገም እጽፋለሁ።

ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሂሳብ ተማርኩ፤ ሂሳብ አስተምራለሁ። ከዊንጌት ወደ ላይ በሚወጣው ሰፈር በሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት እኖራለሁ። አላገባሁም። የሚያነበው ሰው ስለሌለ ማብራራት አያስፈልግም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 4

የጸሎት ቤታችን በመንግሥት ከታሸገ ሁለት ዓመት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ ሰባት ሆነን፣ ከቤቴ ፊት ለፊት ባለው በእትዬ ገበያነሽ ቤት፣ ረቡዕ በአሥራ አንድ ሰዓት እንገናኛለን፤ ኅብረት እንለዋለን። እትዬ ገበያነሽ ስልሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው ባልቴት ናቸው። ጤናቸው ከሁላችንም ይሻላል። ሆኖም ረቡዕ ረቡዕ እግራቸውን ይታመማሉ። ሳሎኑ ውስጥ አልጋ ተዘርግቷል፤ በር ሲንኳኳ ዘለው ይገቡና ያቃስታሉ። እኛ ጠያቂዎች ነን። ብርቱካን የሚይዝ ሰው በተራ ይመደባል። ምስኪኗ ሙኒያ ሕመሙን አምና አጥሚት ሠርታ ትመጣለች፤ አንድ ሰዓት ሙሉ «አላህ ይማርዎት» ስትል እኛ ሳንጸልይ እንቀመጣለን።

ክረምት የእኛ ወቅት ነው። በበጋ የምንዘምረው በሹክሹክታ ነው። ክረምት ላይ ግን ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዝናቡ የፈቀደልንን ያህል ድምፃችንን እናወጣለን። የእኔ ቦታ በመስኮቱ አጠገብ ያለው በርጩማ ነው። ዝናቡ ሊያባራ ሲል ቀኝ እጄን አነሳለሁ፤ ሁሉም ባሉበት ቃል ላይ ያቆማሉ። አንድም ቀን ዘግይቼ አላውቅም። ወፍራሙን ድምፅ የምይዘውም እኔ ነኝ። ሌላ የሚችል የለም።

ዛሬ ቶለሳ እንደልማዱ ከዜማው ቀድሞ ገባ። ቶለሳ ታች መንገድ ዳር ያለው ጎሚስታ ነው። ድምፁ ያምራል ይላሉ። ትልቅ ነው እንጂ አያምርም።

ከኅብረቱ በኋላ ደሳለችን በጃንጥላዬ እስከ ታክሲው አደረስኳት። ደሳለች ጳውሎስ አካባቢ ባለ ሆስፒታል ነርስ ናት። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 5

ቶለሳ መጣ። ገንዘብ ሊበደር መስሎኝ ነበር።

በእኛ ዘንድ ወንድ የወደዳትን ሴት ራሱ አይጠይቅም። ለሽማግሌ ይናገራል። ሽማግሌው ይጸልይበታል፤ ልቡ ሲያርፍ ሄዶ ለሴቲቱ ይነግራታል። እስከዚያ ድረስ ወንዱ በአፉም በዓይኑም ፍንጭ አይሰጥም። ጥሩ ደንብ ነው፤ ብዙ ውርደት ያስቀራል። የጸሎት ቤቱ ክፍት ሳለ አምስት ሽማግሌዎች ነበርን። አንዱ ታስሯል፣ ሦስቱ ወደየኅብረታቸው ተበትነዋል። በዚህ ኅብረት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ከወንበሩ ጠርዝ ላይ ተቀምጦ፣ «ጋሼ፣ ስለ እኅት ደሳለች ነው» አለ።

«ምን ሆነች?»

«ምንም አልሆነችም። እኔ ነኝ የሆንኩት።»

የወንበሩን ክንድ ይዞ እንዲህ አለኝ፦ «ከሥራ ስመለስ እጄን ታጥቤ የምገባበት ቤት እሷ ያለችበት ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ይህንኑ ይንገሩልኝ። ሌላ ቃል አላውቅም።»

«እጸልይበታለሁ» አልኩ።

ሲሄድ በወንበሩ ክንድ ላይ የጣቶቹ ጥቁር አሻራ ቀርቶ አየሁ። በሳሙና ፈተግኩት።

እሱ ሠላሳ ስምንት ነው፤ እሷ አርባ አንድ። እሱ ስድስተኛ ክፍል ነው ያቆመው፤ እሷ ዲፕሎማ አላት። ይህን የምለው ለማነጻጸር አይደለም። ሽማግሌ ሁሉን መመርመር አለበት።

ሰኞ፣ ሐምሌ 9

የሰልፍ ልምምድ። ለአሥረኛው የአብዮት በዓል ቀበሌው አጥር ሁሉ አረንጓዴ ይቀባል፤ እኛንም ሜዳ ላይ ያመላልሰናል። አሰልጣኛችን የአብዮት ጥበቃው ካሣዬ ነው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበር። «መምህር፣ ግራ ነው ያልኩት! ሂሳብ ያወቀ ግራና ቀኙን ያጣል እንዴ?» ሰው ሳቀ። መፈክሩ ላይ ሁለት የፊደል ስህተት አለ። ማንም አላየውም።

ለመጸለይ ተንበረከክሁ። ስለ ሌላ ነገር ጸለይኩ።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 11

ዝናቡ ብርቱ ነበር፤ ብዙ ዘመርን። ከኅብረቱ በኋላ ከደሳለች ጋር ወረድኩ። ታክሲ ስለጠፋ ብዙ ቆምን።

«ጋሼ፣ ወደ ነቀምት ሊያዛውሩኝ ነው። ከፈለግሽ ብለውኛል። ጳጉሜን ሳይወጣ መልስ ስጪ ብለዋል።»

«ትፈልጊያለሽ?»

«አላውቅም። እዚህ የሚያስቀረኝ ነገር ካለ ጌታ በዚህ ክረምት ይናገር ብዬ ለምኛለሁ። ካልተናገረ እሄዳለሁ።» ከዚያ ወደ መንገዱ እያየች፣ «ብቸኝነት ከዕድሜ ጋር ይለመዳል?» አለችኝ።

ለሽማግሌ የሚገባውን መለስኩ። ሐዋርያው ጳውሎስ ሳያገቡ እንደ እርሱ ቢኖሩ መልካም ነው ማለቱን አስታወስኳት።

«ሐዋርያው ቀን ቀን ድንኳን ይሰፋ ነበር» አለች። «ማታ ማታ ምን ይሠራ እንደነበር ግን አልጻፈልንም።»

ሳቅሁ። ከመቼ ወዲህ እንደሳቅሁ አላውቅም። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። «ሁለት ታናናሾቼን ድሬያለሁ» አለች። «በየሠርጉ ሰው እጄን ይዞ ‹ያንቺንም ያሳየን› ይላል። አንድ ጊዜ አንዲት ሴትዮ፣ ረስታው ነው መሰለኝ፣ በአንድ ሠርግ ላይ ሦስቴ አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ወጥ ቤት ገብቼ ሽንኩርት ከሚልጡት ጋር ተቀመጥኩ። እዚያ ማንም ለምን ታለቅሻለሽ አይልም።»

ጃንጥላውን ወደ እሷ አዘነበልኩ። ግራ ትከሻዬ በሰበሰ።

ስለ ቶለሳ ለመንገር ቦታው አመቺ አልነበረም። ሰው ነበር።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14

ሰው ብቻውን ይሆን ዘንድ መልካም አይደለም የሚለው ከሐዋርያው በፊት የተጻፈ ነው። የመጀመሪያው «መልካም አይደለም» የሚል ቃል እሱ ነው። ከኃጢአትም በፊት።

ሁለት ወንበር አለኝ። በአንደኛው ላይ መጻሕፍት ነው የማስቀምጠው።

ሰኞ፣ ሐምሌ 16

በጎሚስታው በኩል አለፍኩ። ወደ ገበያ የሚያስወጣው መንገድ በዚያ ስለሆነ ነው። ደሳለች ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ቆማ የቶለሳን ጣት ትጠቀልላለች። ብረት ቆርጦት ኖሯል። አንድ ጣት ነው። ለአንድ ጣት ያን ያህል ፋሻ ያስፈልጋል? እሱ ደንቡን ጠብቆ መሬት መሬት ያያል። አንድም ቃል አይናገርም። እሷ ግን ጠቅልላ ከጨረሰች በኋላም እጁን አልለቀቀችም። ለካ ቋጠሮውን እያጠበቀች ነው።

እንደዚያ ይሆናል።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 25

ቶለሳ ከሁሉ በኋላ ቀርቶ፣ «ጋሼ፣ መልስ አለ?» አለኝ።

«ጌታ በር አልከፈተም።»

ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «አሜን» አለ። ጨርሶ ሌላ ቃል አልጨመረም። አንድ ጥያቄ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ተማሪ እንኳን ያልገባውን ይጠይቃል። እንዲህ ዓይነቱ መታዘዝ ስንፍና ነው።

ውሸት አልተናገርኩም። በሩ አልተከፈተም። በሩን የያዘው ማን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

ክፍሎቼን ኖራ ቀባሁ። አዲስ ስኒ ገዛሁ፤ የድሮው ጠርዙ ተሸርፏል። ሁለት ነው የሚሸጡት፣ ነጠላ የለም አሉኝ። መጻሕፍቱን ከወንበሩ ላይ አነሳሁ።

እትዬ ገበያነሽ በራፌ ላይ ቆመው ኖራውን አዩ።

«ለማን ነው የምታስውበው?»

«ለራሴ ነዋ።»

«ለራስህማ እስከ ዛሬ አልቀባህም።»

ነሐሴ 9፣ ረቡዕ

ቶለሳ አልዘመረም። ጉሮሮዬን አሞኛል አለ። ይጾማል ይላሉ። ደሳለች ሁለት ጊዜ ዞራ አየችው። ዜማው ያለ እሱ ይበልጥ የተስተካከለ ነበር። ግን ቀዘቀዘ። ሌሎቹ ስላልተለማመዱ ነው።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 16

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ዛሬ ዝናቡ እንደ ጠጠር ነበር። እትዬ ገበያነሽ ቶለሳን፣ «አንተ ልጅ፣ ጉሮሮህ እንደሆነ ድኗል፤ አውጣው» አሉት። ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ሁላችን ተከተልን። በርጩማዬ ላይ ነበርኩ፤ ወፍራሙን ድምፅ ይዤ። ደሳለች ከፊት ለፊቴ ተቀምጣለች። መዘመር አቁማለች። እሱን ታያለች። በዚህ ሁሉ ዓመት ማንም ሰው ማንንም እንዲያ ሲያይ አላየሁም። ዓይኑን ስለጨፈነ እሱ አላየም። እኔ አየሁ።

ዝናቡ አባራ። መቼ እንዳባራ አላወቅሁም። የማውቀው የቶለሳ ድምፅ በባዶ ሰማይ ሥር ብቻውን ሲያስተጋባ ነው። እስከ ዋናው መንገድ ሳይሰማ አይቀርም። እጄን ሳየው ጉልበቴ ላይ ነበር።

ዓይኑን ጨፍኖ የሚዘምር ሰው ምልክት አያይም። ደጋግሜ ነግሬው ነበር።

በሩ ተደበደበ። እትዬ ገበያነሽ አልጋው ላይ ለመውጣት ጊዜ አላገኙም። ካሣዬ ነው፤ ጠመንጃውን በትከሻው እንዳንጠለጠለ ገባ።

«መዝሙር ሰማሁ!»

ዓይኑ እትዬ ገበያነሽ ላይ አረፈ።

«እትዬ፣ ረቡዕ ረቡዕ ታመሙ ይሉኛል፤ ቆመዋል። ይኼ ሁሉ ሰው ምንድን ነው?»

እትዬ ገበያነሽ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ሽምግልና ተቀምጠን ነዋ! ልጅ ስንድር አናንጎራጉር? አንተ ስታገባ እናትህ ዝም ሊሉ ነው?»

«ማንን ነው የሚድሩት?»

«ይቺን» አሉ፤ ደሳለችን በአገጫቸው እያሳዩ።

«ለማን?»

የእትዬ ገበያነሽ ጣት ተነሳ። በክፍሉ ዞረ። እኔ ላይ ቆመ።

«ለመምህር?» ካሣዬ በሳቅ ፈረሰ። «ዜሮ የሰጡኝ ሰውዬ ሙሽራ ሆኑ! መምህር፣ ዘገዩ እኮ! መቼ ነው?»

«በጥቅምት» አሉ እትዬ ገበያነሽ። «በዓላችሁ ይለፍና።»

«እንግዲያው ቀጥሉ፤ ልስማ!»

ከእኛ መካከል ዘፈን የዘፈነ ሰው ከስንት ዓመት ወዲህ አልነበረም። እትዬ ገበያነሽ ከልጅነታቸው አንድ የሠርግ ዘፈን አውጥተው ጀመሩ፤ እልልታውንም አቀለጡት። ቶለሳ በእነዚያ ጥቁር እጆቹ አጨበጨበልኝ። ካሣዬ ጭፈራ ሞክሮ፣ ትከሻዬን መትቶ፣ ሄደ።

ደሳለችን ቀና ብዬ አላየኋትም።

እሑድ፣ ነሐሴ 20

ሰፈሩ ሰምቷል። የቀበሌው ሱቅ ሠራተኛ «ለሙሽራው» ብሎ ከድርሻዬ በላይ ስኳር መዘነልኝ። ሙኒያ በአጥሩ ላይ እልል አለች። የማላውቃቸው ሴቶች ባርኔጣዬን አይተው ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ክፉ አይደለም። ሰልፍ ላይ ካሣዬ፣ «ለሙሽራው ቦታ ልቀቁ!» አለ። በመስመሩ ፊት አቆመኝ።

ከረባት ገዛሁ። ሰው እጮኛ ነው ካለህ እጮኛ መምሰል አለብህ። ለሁላችን ደኅንነት ነው።

ማክሰኞ፣ ነሐሴ 22

ቶለሳ መጣ። አልተቀመጠም። እጁን ታጥቦ ነበር።

«ጋሼ፣ ገባኝ» አለ። «በሩ ለምን እንዳልተከፈተ ገባኝ። ጌታ ለእርስዎ ነው ያሰባት።»

«የእትዬ ገበያነሽ ዘዴ ነው፤ ሌላ ምንም የለበትም» አልኩት።

«ዘዴው አይደለም። በርጩማው ላይ ሆነው ፊትዎን አይቻለሁ፤ ካሣዬ ከገባ በኋላ።» ወደ በሩ ዞረ። «ቢነግሩኝ ኖሮ እኔው ነበርኩ ሄጄ የምነግርልዎት።»

ሰላም ብሎኝ ወጣ። ቢሰድበኝ እንዴት በተመቸኝ! ስድብን መመለስ እችላለሁ።

ቅናት አጥንትን ያነቅዛል ይላል መጽሐፉ። ቅናት ግን የሌላውን መመኘት ነው። እሷ የማንም አይደለችም። ስለዚህ ይህ ቅናት አይደለም።

ማስረጃው ትክክል ነው። ሦስት ጊዜ አየሁት። መነሻው ነው የሚያጠራጥረኝ።

ረቡዕ፣ ነሐሴ 30

ለጥንቃቄ ብለን ኅብረቱን ለጥቂት ሳምንት አቋርጠናል። ደሳለችን ታክሲው ጋ አገኘኋት። ከረባቱን አድርጌ ነበር።

«ጋሼ፣ ደህና ነዎት?» ጋሼ ባትለኝ።

ሰው ያየናል ብዬ በጃንጥላው ሥር አስገባኋት። ለሚያየን ሰው እጮኛሞች ነን። አላፊዎቹ ፈገግ አሉ። እውነቱን ልጻፍ፦ ደስ አለኝ።

ከዚያ እንዲህ አለች፦ «እትዬ ያን ዕለት ጣታቸውን ሲያነሱ ወደ በሩ በኩል የሚያሳዩ መስሎኝ ነበር። ልቤ ቆመ። ከዚያ ወደ እርስዎ ዞረ።» ሳቀች። «ይቅርታ፣ ጋሼ፤ መናቄ አይደለም።»

በበሩ በኩል የነበረው ቶለሳ ነው። ሌላ ማንም አልነበረም።

«ለነቀምቱ ሰኞ እመልሳለሁ» አለች። «ክረምቱ አለቀ። ጌታ ዝም አለ። ዝም ማለቱም መልስ ነው፣ አይደለም ጋሼ?»

ሽማግሌ ነኝ። መልስ መስጠት ነበረብኝ።

«ነው» አልኩ።

ጳጉሜን 1

አልተኛሁም።

ጳጉሜን 2

ዝም ያለው ጌታ አልነበረም።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን 3

የሩፋኤል ዝናብ ይባረካል ብለው የሰፈሩ ልጆች ራቁታቸውን ወጥተው ይጨፍራሉ። በሌላ ዓመት ቢሆን ስለ አጉል እምነት እቆጣ ነበር። ዛሬ በመስኮት ቆሜ አየኋቸው። አንደኛዋ አፏን ወደ ሰማይ ከፍታለች።

ነቀምት ብትሄድ ማንም አያገኛትም። እኔም አላገኛትም፤ እሱም አያገኛትም። ይህን ሳስብ የተሰማኝን እዚህ አልጽፍም። ዕረፍት ይመስል ነበር።

ሰኞ፣ ጳጉሜን 5

ጠዋት በሆስፒታሉ በር ጠበቅኋት። ከሌሊት ተራ ወጣች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ቦርሳዋን ይዛለች።

«ጋሼ! እትዬ ታመሙ እንዴ? የእውነት?»

«አልታመሙም። በሽማግሌነቴ ነው የመጣሁት።» የተነገረኝን አንዲት ቃል ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ ነገርኳት። «‹ከሥራ ስመለስ እጄን ታጥቤ የምገባበት ቤት እሷ ያለችበት ቤት እንዲሆን እፈልጋለሁ። ሌላ ቃል አላውቅም።› ይህን ያለው ቶለሳ ነው» አልኩ።

ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። አነሳሁላት። አልተቀበለችኝም።

«መቼ ነው የነገረዎት?»

«ሐምሌ አምስት።»

«ዛሬ ጳጉሜን አምስት ነው።»

«አዎ።»

«ጌታ ዝም ማለቱ መልስ ነው ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር።»

«አዎ።»

«ለምን?» ስትል ዓይኗ ከፊቴ ወደ አንገቴ ወረደ። ከረባቴን አየች። ብዙ ጊዜ አየችው። ገባት።

«ይህን ሁሉ ጊዜ በጃንጥላዎ…» ብላ አቆመች። ቦርሳዋን ከእጄ ነጥቃ ዞረች። ታክሲ አልያዘችም። በዚያ ጭቃ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ሄደች። እኔም ሄድኩ፤ የቤቴ መንገድ በዚያው ስለሆነ ነው እንጂ አልተከተልኳትም።

ቶለሳ ጎማ የሚያጠልቅበት በርሜል ላይ አጎንብሶ ነበር። ቀና ሲል እሷን አየ። እጁን ከጥቁሩ ውኃ አውጥቶ መጥረጊያ ጨርቅ ፈለገ። አልጠበቀችውም። እጆቹን እንዳሉ፣ እርጥብ እንደሆኑ፣ ያዘቻቸው።

ሽማግሌ በሌለበት። ደንቡን ጥሰው። በመንገድ ዳር።

ቤቴ ገብቼ ከረባቱን ፈታሁ። አንዱን ስኒ ወደ ሳጥኑ መለስኩት።

ረቡዕ፣ መስከረም 9 ቀን 1977

እትዬ ገበያነሽ ዛሬ አስጠሩኝ። በዓሉም ሰልፉም አልፏል፤ ሰፈሩ ረግቷል። ሁሉን ሰምተዋል። ይገሥጹኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ መልስም አዘጋጅቼ ነበር።

«ስለሺ፣ አሁን ትከዳለህ» አሉኝ።

«ማን ይከዳኛል?»

«ሙሽራዋ። ካሣዬ ሙሽራው አንተ እንደሆንክ ያውቃል። በጥቅምት ሌላ ሰው ሲያገባት ካየ ያ ሁሉ ስብሰባ ምን ነበር ይላል። ስለዚህ ጎሚስታው ነጠቀህ። አንተም ተናደሃል፤ ሰው ይየው።»

«ይስቁብኛል።»

«ይሳቁብህ። የሚስቅ ሰው አይመረምርም።»

ከዚያ ዋናውን ነገሩኝ። ሠርግ አይከለከልም፤ ስለዚህ በሠርጉ ቀን ከየኅብረቱ የተበተኑት ሁሉ በእንግድነት ይመጣሉ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ይዘምራሉ። እኔ ግን አልሄድም። የተከዳ ሰው በነጣቂው ሠርግ ላይ ተቀምጦ አይበላም፤ ካሣዬ ሞኝ አይደለም።

«እትዬ» አልኩ ስወጣ፣ «ያን ዕለት ጣትዎን ለምን ወደ እኔ አነሱ?»

«ምን ላድርግ ልጄ? ያ ሁሉ ሰው የፈራ ፊት ነበረው» አሉ። «የሙሽራ ፊት ያንተ ብቻ ነበር።»

መስከረም 15

ካሣዬ በመንገድ፣ ሰው በተሰበሰበበት፦ «መምህር! ጎሚስታው ጎማዎን አስተነፈሰው አሉ!»

የታዘዝኩትን አደረግሁ፤ ተናደድኩ። ማስመሰል አላስቸገረኝም።

ሙኒያ አጥሚት ይዛ መጣች። ከእትዬ ገበያነሽ ቤት አስቀርታ ለእኔ አመጣችው። «የእግር ሕመም ያልፋል፤ ይኼኛው ነው ክፉ» አለች። ስኒ ይስጡኝ ሳትል በራሷ ኩባያ ቀዳችልኝ፤ እስክጨርስ ቆመች። ሞቅ ያለ ነበር። ማር አለበት።

ቶለሳ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ አሁንም ቆሞ ጋሼ ይለኛል። ደሳለች አትለኝም።

እሑድ፣ ጥቅምት 4

ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ የዝናብ ሽታ እንኳን የለም። በእትዬ ገበያነሽ ግቢ ድንኳን ተተክሏል። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ይገባል። ለዓመታት ያላየኋቸውን ፊቶች በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ፤ አንዳንዱ ሸብቷል። ካሣዬ በር ላይ ተቀምጦ ሥጋ ይበላል። ሙኒያ አልሄደችም፤ «እርስዎን ከድታ ለሄደች እልል አልልም» ብላ ደጇ ላይ ልብስ ታጥባለች። እንዴት ብዬ ላስረዳት?

ስምንት ሰዓት ላይ ጀመሩ። መጀመሪያ ፈራ ተባ አሉ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የታፈነ ድምፅ ወዲያው አይወጣም። ሁለተኛው አንጓ ላይ ተለቀቀ። ያ ሁሉ ሰው! ግድግዳዬ ነዘረ። ያለ ዝናብ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጅ የሚያነሳ ሰው ሳያስፈልጋቸው። ከሁሉ በላይ የቶለሳ ድምፅ ይሰማል፤ በገዛ ሠርጉም ከዜማው ቀድሞ ይገባል። ቀጥሎ የእሷ። እሷ ስትዘምር ሰምቼ አላውቅም ማለት ይቻላል፤ ሁልጊዜ በዝናብ ውስጥ ነበር።

ተቆጣሁ። ቀናሁ። ቃሉን ጻፍኩት፤ ይኸው።

ግን አንድ ነገር ጎድሎ ነበር፤ ከመጀመሪያው ሰምቼዋለሁ። ወፍራሙን ድምፅ የያዘ የለም። ዜማው ከላይ ብቻ ተንጠልጥሏል፤ ሥር የለውም። ያን ያህል ሰው ተሰብስቦ አንድ ሰው አይይዘውም? ተነሳሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። በዝግታ ከታች ገባሁበት። በሦስተኛው አንጓ ላይ ተስተካከለ። እዚያ ማዶ ማንም እንደማይሰማኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ተስተካከለ።

ዓይኔን ጨፍኜ ኖሯል። እነሱ አቁመዋል፤ ጸሎት ሊጀምሩ ይሆናል። እኔ አላወቅሁም። አንድ ሙሉ መስመር ድምፄ በቤቱ ውስጥ ብቻውን ሄደ።

ከአጥሩ ማዶ የሙኒያ የልብስ ውኃ ተደፋ።

«ጋሽ ስለሺ፣ እንግዳ አለዎት እንዴ?»

«የለም፣ ሙኒያ» አልኳት። «እኔው ነኝ።»